የሚጎድለው ከዳር ነው

እህቴ የዓይኗን ግራና ቀኝ ያጣችው እኔ ሰው ሳስቅ በከረምኩበት ዓመት ነው። ይህን ስናገር የሚያውቁኝ ሁሉ «ጀመረ ደግሞ ማጋነኑን» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። አንድ ክረምት ዲላ ላይ የወረደውን ዝናብ ሳወራ፣ አንድ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ከላይ ሰፈር ተንሳፎ መጥቶ ገበያው መሃል ቆመ፣ ተሳፋሪውም ሂሳቡን ከፍሎ «መልካም ቀን» ብሎ ወረደ ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። ይኼኛው ግን ምንም አልተጨመረበትም። እንዲያውም ቀንሼ ነው የማወራው።

ሥራዬ ሰልባጅ ነው። ከውጭ አገር ሰው ለብሶ የጠገበውን ልብስ በቦንዳ ታስሮ ሲመጣ ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ ገበያ ላይ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ቦንዳ ሳይከፈት ነው የሚገዛው። ከፍቼ ልይ ያለ ሰው በገበያው ውስጥ ከዚያ በኋላ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም። ከላይ ደብድበህ፣ አሽትተህ፣ ለፈጣሪህ ጸልየህ ትገዛለህ፤ ቤትህ ገብተህ ትፈታለህ፤ ከዚያ ወይ ትዘፍናለህ ወይ ትተኛለህ።

ቦንዳ የምገዛቸው አንድ ሐጂ አሉ። አባታቸው ከመሃል አገር መጥተው እዚህ ዲላ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ቤተሰቡ በሙሉ ነጋዴ ነው። በአንድ የክረምት መግቢያ ላይ «ብርድ ልብስ ነው» ያሉኝን ቦንዳ አንሥቼ ቤቴ ፈታሁት። አንድም ብርድ ልብስ የለም። የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ ከመጫወቻውም ግማሹ ሳጥን በሳጥን ነው፤ ሳጥኑም ውስጥ የተቆራረጠ ካርቶን ነው። ፐዝል የሚሉት ነገር። አንድ ደህና ሥዕል ይወስዱና በመቶ፣ በአምስት መቶ፣ አንዳንዴም በሺህ ቁራጭ ይቆርጡታል፤ ከዚያ ሰው ቁጭ ብሎ መልሶ እንዲገጣጥመው ይሸጡለታል። እኔ መጀመሪያ ሳየው፣ ተጣልተው የተፋቱ ባልና ሚስት የቀደዱት ፎቶ መስሎኝ ነበር።

ወደ ሐጂ ሮጥኩ።

«ሐጂ፣ ብርድ ልብሱስ?»

«እኔ ውስጡን አየሁት እንዴ? እኔም እንዳንተው ከላይ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ ምን ልልበስ?»

«ገጣጥመህ ልበሰዋ!»

ገበያ ላይ ዘረጋሁት። የጠየቀችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆን እንደሆነ ነው የጠየቀችኝ። ሳይሸጥ ሁለት ሳምንት ሞላው። በመጨረሻ ስልኬ ላይ ቻናል ከፈትኩና ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጨረታ መሸጥ ጀመርኩ። የሳጥኑን ፎቶ አወጣለሁ፣ መነሻ ዋጋ እጽፋለሁ፣ ሰዉ ከሥር እየጨመረ ይጽፋል፣ «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብዬ እዘጋለሁ። በማግሥቱ ዕቃው ታስሮ በሚኒባስ ይሄዳል። መብራትና ኔትወርክ ተስማምተው የዋሉ ቀን ነው ታዲያ።

ሰዉ የሚመጣው ለፐዝሉ ይሁን ለኔ ጽሑፍ አላውቅም። «ይህ ፐዝል የአንድ ንጉሥ ልጆች የተጫወቱበት ነው፤ ንጉሡ እንዳያፍሩ ስማቸውን አልናገርም» እላለሁ። «ይህን የገጣጠመ ተማሪ ሒሳብ ላይ መቶ ካላመጣ አስተማሪውን ይክሰስ» እላለሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከሥር በሳቅ ምልክት ያጥለቀልቁታል። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች ይገዛሉ፣ ጡረተኞች ይገዛሉ፣ ከሐዋሳም ከአዲስ አበባም ሰው መጣ። ሐጂ እንኳን ሰምተው «ያንን ብርድ ልብስ ሸጥከው አሉ» ብለው ሳቁብኝ፤ ከዚያ ወዲህም ሲደበድቡት የሚንኮሻኮሽ ቦንዳ ሲመጣላቸው ለኔ ያስቀምጡልኝ ጀመር።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሰው የተጫወተበት ፐዝል ሙሉ መሆኑ አይታወቅም። ሺህ ቁራጭ ገጣጥመህ አንዷ ከጠፋች ሥዕሉ ጥርሱ የወለቀ ሙሽራ ይሆናል፤ ገዢውም ይሰድብሃል። ስለዚህ ከጨረታው በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ገጣጥሞ ማየት አለበት። ያ ሰው እህቴ ሆነች።

በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም ነበር፤ አባታችን ከዚያ በፊት ሄዷል። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቡና ለቃሚ ናት። መጀመሪያ አሪቻ በሚባል ገጠር፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ፣ ቡናው ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ዳር ቆማ ለቀመች። ኋላ ዲላ መጋዘን ገብታ መሬት ላይ በረድፍ ከሚቀመጡት ሴቶች አንዷ ሆነች። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን ፍሬ እየለየች ስትጥል አርባ ዓመት ሞላት። እኔ የተማርኩት በዚያ ነው፤ የበላሁትም፣ የለበስኩትም። ሁለታችንም ሳናገባ አረጀን። እሷ እኔን ስታሳድግ፣ እኔ ደግሞ ስቀልድ።

ጉልበቷ መሬት መቀመጥ እምቢ ሲላት ከመጋዘን ወጣች። ጣቶቿ ግን ሥራ መፍታት አልቻሉም። ቤት ያለውን ምስር ለቅማ ስትጨርስ ጎረቤት ሄዳ የጎረቤት ምስር ትለቅም ነበር። ጎረቤቶቿ ምስር ሲያልቅባቸው ለእሷ ሲሉ ይገዙ ነበር ብል ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ማጋነን ነው።

ስለዚህ ፐዝሉን ስሰጣት ደስ አላት። ሰፌዷን አመጣች፤ ቁራጮቹን ሰፌዱ ላይ ገለበጠች፤ በሁለት እጇ እየበተነች ማየት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳጥኖች በሦስት ቀን ጨርሳ «ውሰድ፣ ንጹሕ ነው» አለችኝ። ሸጥኩ፤ ላክሁ። በሳምንቱ ከሐዋሳ ጩኸት መጣ።

«እትዬ፣ አንዲት ገዢ አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ጎደለኝ ትላለች።»

«እና?»

«እና የት ሄደ?»

«ብላሹን ነዋ የጣልኩት።»

«የምን ብላሽ?»

«ጫፉ የተበላ አለ፤ ቀለሙ የለቀቀ አለ፤ አንዱ እንዲያውም ውኃ ጠጥቶ አብጧል። እንዲህ ያለውን ከደህናው ቀላቅዬ ልስደድ? ስሜን ላስጠፋ?»

አርባ ዓመት ብላሽ ለይቶ የጣለ እጅ፣ እዚህ ግን ብላሹም የሥዕሉ አካል መሆኑን ማን ይንገረው! ሁለት ቀን ሙሉ ጓሮ እንሰቱ ሥር ተንበርክከን ስንፈልግ ዋልን። የጎረቤት ዶሮ የፈረስ አፍንጫ በአፏ ይዛ ስትሮጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እህቴ ዶሮዋን በመጥረጊያ እያባረረች «አንቺ ሌባ፣ የሰው ዕቃ ነው!» ትላለች፤ እኔ መሬት ላይ ወድቄ እስቃለሁ።

ይህንን ታሪክ ቻናሉ ላይ ጻፍኩት። በጽሑፌ ዶሮዋ አምስት ሆነች፤ እህቴም ፈረሱን በሙሉ እንደ ነቀዝ ቡና ልትጥለው ስትል በልመና እንደተረፈ ተናገርኩ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገዢዎቼ «የእህትህን ብላሽ ላክልን» እያሉ ነው የሚጫረቱት። እህቴ በአውቶቡስ እንኳን ሄዳ በማታውቀው ከተማ ውስጥ ታወቀች።

ነገሩን አንዴ ካስረዳኋት በኋላ ግን እንደ እሷ ያለ ገጣጣሚ አልነበረም። ጠዋት ከቁርስ በኋላ በር ላይ፣ ብርሃን ካለበት ትቀመጣለች። ከጎኗ ሰፌዱ፣ ከፊቷ የቆየ የበር ጣውላ። ስትሠራ ከሥዕሉ ጋር ታወራለች። በበረዶ የተሸፈነ ቤት ሲገጥማት «ይኼን ሁሉ ማን ሊጠርግላቸው ነው?» ትላለች። የፈረንጅ ላም ሲገጥማት «አንቺ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የወፈርሽው? እኔም ልምጣ» ትላለች። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት መጉደሉ እንደገና ጀመረ። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት። «እትዬ፣ ብላሽ መጣል ጀመርሽ መሰለኝ ደግሞ» እላታለሁ። «ኧረ በፍጹም፣ አንድም አልጣልኩ» ትላለች። እኔ ቤቱን ስጠርግ ከአልጋው ሥር፣ ከወንበሩ ኋላ፣ ከሰፌዱ ዳር ተንሸራተው የወደቁ ቁራጮች አገኛለሁ። አንሥቼ ፎቶ አነሣቸውና ቻናሉ ላይ «ዛሬ ከእህቴ እጅ ያመለጡ እስረኞች» ብዬ አወጣለሁ። ሳቅ ነው። ለሚያጉረመርም ገዢ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ «የቡና ለቃሚ ቤት ነው፣ ምን ይደረግ፣ ብላሽ ታያለች ትጥላለች።» መልሱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ሌላ መልስ የምፈልግበት ምክንያት አልነበረኝም።

ከገዢዎቼ መካከል አዲስ አበባ የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ብዙ የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ብዙ ያማረሩትም እሳቸው። የጎደለውን እንደ ፈተና ወረቀት አርመው ነው የሚልኩልኝ፤ ፎቶ አንሥተው፣ ቀዳዳው ላይ በቀይ ከበው። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ወንድሜ፣ አሁን አምስተኛ ጊዜዬ ነው። ልብ ብለህ እይ። መሃሉ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የሚጎድለው ከዳር ነው፣ ከግራና ከቀኝ። የሚያይላችሁ ሰው ዓይኑን ቢታይ መልካም ነው።»

ይህ መልእክት እጄ ላይ ሲደርስ እንደ ስጦታ ነበር የቆጠርኩት፤ ለቀልድ የሚሆን ስጦታ። ፎቶ አድርጌ ለሁሉም አወጣሁት። ከሥሩም፦ «መምህርት፣ የልጅ ልጆችዎን ሆድ ያስመርምሩልኝ፤ ዳር ዳሩን የሚበላ እዚያ ሳይኖር አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ሰዉ ተንጫጫ። እሳቸው «ስድብ አልጠበቅሁም» ብለው ጻፉ። እኔም ሳቄን ላለማቋረጥ ከቻናሉ አስወጣኋቸው።

ያም አልበቃኝም። ወደ እህቴ መጣሁና መልእክቱን በመምህርቷ ድምፅ አነበብኩላት፤ ማለቴ ይሆናል ብዬ ባሰብኩት ድምፅ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ። እህቴ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ።

«እስቲ ድገምልኝ» አለች።

ለሳቁ መስሎኝ ደገምኩላት፤ የበለጠ አስረዝሜ።

«ከዳር ነው አለች?»

«ከዳር! ከግራና ከቀኝ! የዳር አገር ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«እንዲያ» አለች፤ ጣውላዋ ላይ አቀረቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሥዕል ስትጨርስ ዳር ዳሩን በጣቷ እየዳበሰች ትዞረዋለች። አየኋት። ትጋቷን ነው ያደነቅሁት።

አሁን ሳስበው ያላየሁት ነገር የለም፤ ሁሉንም አይቼ ሁሉንም ቀልድ አደረግሁት። ከጠረጴዛው ዳር ብርጭቆ እየገፋች መስበር ጀመረች፤ «ብርጭቆ ሻጩ ከፍሎሻል እንዴ?» አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የወንበር ጫፍ ጉልበቷን እየመታት ትመለሳለች፤ «ይኼ ወንበር የሌላ ሃይማኖት ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። ጎረቤቶች ከጎን ሰላም ሲሏት አትመልስም፤ «እህትህ ኮራች» ሲሉኝ፣ «በጨረታ ዝነኛ ሆናለችኮ፣ ከእንግዲህ በቀጠሮ ነው» አልኳቸው። እህቴ አጠገቤ ሆና ፈገግ አለች። አንድ ቀን ብቻ «አይ አንተ» አለችኝ፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር።

ባጃጁ የነካት በአንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፤ ከገበያ ስንመለስ። እኔ ከኋላ ሐጂን እያናገርኩ ቀርቼ ነበር። ድምፅ ስሰማ ዘወር ብል እህቴ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣለች፤ ጎመኗ ተበትኗል፤ ሹፌሩ ወርዶ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጓል። ክርኗ ተልጧል እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበራትም። እኔ ግን የሹፌሩን አንገት ይዤ ነበር።

«ዓይንህ የት ነው አንተ!»

«ጋሼ፣ ጥሩምባ ነፍቻለሁ! እማማ ዝም ብለው ገቡብኝ! ልክ እዚህ ጋ ሆኜ፣ ልክ ከጎናቸው!»

«ውሸታም!»

«ልቀቀው» አለች እህቴ ከመሬት። «የናቴ ልጅ፣ ልቀቀው ብዬሃለሁ። እውነቱን ነው። አላየሁትም።»

«እንዴት አላየሽውም? ይኼን የሚያህል ሰማያዊ ነገር?»

«ግራዬን ካየሁ ቆየሁ» አለች።

እንዲህ አለችና ጎመኗን መልቀም ጀመረች። ከፊቷ ያለውን አንድ በአንድ አነሣችው። ከጎኗ ያለው እዚያው ቀረ። ሹፌሩና እኔ ቆመን አየናት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንደ ሰው ቀስ ብሎ አይደለም የገባኝ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የገባኝ።

ሐዋሳ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እህቴን አንድ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ፊት አስቀምጣ አገጯን አስደገፈቻት፤ ብርሃን ብልጭ ሲል ባየሽ ቁጥር ይህን ተጫኚ አለቻት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ብርሃኑ ከዳር ብልጭ ይላል፤ እህቴ አትጫንም። ከላይ ብልጭ ይላል፤ አትጫንም። እኔ አፌ ላይ «እትዬ፣ አሁን!» የሚል ነገር ይመጣብኛል። መሃል ላይ ሲሆን ወዲያው ትጫናለች፤ ተማሪ እጁን እንደሚያወጣ በደስታ።

ከዚያ አንድ ወረቀት ወጣ። ክብ ነገር ነው፤ ዙሪያው ጠቁሯል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ነጭ ቀርቷል።

«የዓይን ውስጥ ግፊት ነው፤ ግላኮማ እንለዋለን» አለች ሐኪሟ። «ሕመም የለውም፤ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። የጠፋውን ልመልሰው አልችልም። ያለውን ለማቆየት ጠብታ እሰጣታለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የሦስት ዓመት ጨረታ እዚያ ውስጥ አለ። የገዢዎቼን ቅሬታ ከነቀኑ፣ መምህርቷ በቀይ የከበቧቸውን ፎቶዎች በተራ አሳየኋት። መጀመሪያ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ የሥዕሉ ጥግ ላይ። ከወራት በኋላ ሦስት፣ በግራ በኩል። ቀጥሎ ግራም ቀኝም። ሐኪሟ በጣቷ ወደ ላይ እየገፋች አየች፤ ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው። ከሥር የተደረደረውን የሳቅ ምልክትም ሳታየው አልቀረችም።

«ይኼ የመጀመሪያው ጊዜ ላይ መጥታችሁ ቢሆን» አለች፤ ከዚያ እህቴን አየችና አልጨረሰችውም። «ደግ ነው። አሁንም መሃሉ አለ» አለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምኑን?»

«እትዬ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «መጋዘን ውስጥ የለቃሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ እንዴት እንደሚያደርግ ታውቃለህ?» አለች። «ከኋላ ይመጣና ከለቀምሽው ላይ አንድ እፍኝ ያነሣል። መዳፉ ላይ ያያል። ብላሽ ካገኘበት ምንም አይልም፤ ይሄዳል። በሌላ ቀን ይመጣል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያገኝ ‹እማማ፣ ነገ ይረፉ› ይላል። በቃ። አይሳደብም፣ አይጮህም። በማግሥቱ ረድፉ ላይ ቦታሽ ሌላ ሴት ተቀምጣበታለች። ዓይን ደክሟል ማለት ነው። ስንቷን ሸኝቻለሁ። እኔን በዓይኔ ማንም አላስወጣኝም፤ በጉልበቴ ነው የወጣሁት።»

«እኔ ካቦ ነኝ እንዴ?»

«ሰፌዱን ትወስድብኛለህ ብዬ ነዋ» አለች። «ያቺ ሴትዮ የጻፈችውን ስታነብልኝ አወቅሁት። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ ሞከርኩት። ልነግርህ ስል ደግሞ እየሳቅህ ነበር። ደስ ብሎህ ነበር። ቤቱም ደስ ብሎት ነበር።»

ከሐዋሳ እስከ ዲላ ስንት ሰው ወርዶ ስንት ሰው እንደገባ አላውቅም።

ለመምህርቷ ጻፍኩላቸው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ፤ እያንዳንዱ ውስጥ ሳላስበው ቀልድ ይገባብኛል። በመጨረሻ «እውነት ብለው ነበር። እህቴ ናት፤ ግላኮማ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ ብዬ ላክሁ። ሁለት ቀን ቆይተው መለሱ፦ «እኔ የእውነት ዓይኑ የታመመ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም፤ ዓይኑን ይታይ ያልኩት በንዴት ነበር። እኔንም ይቅር በለኝ። እህትህ የገጠመቻቸውን ሥዕሎች መሃላቸውን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም።» ለእህቴ አነበብኩላት፤ በራሴ ድምፅ። «ደግ ሰው ናት» አለች።

ቻናሉ ላይም ጻፍኩ። ከእንግዲህ ፐዝሉን የሚያዩት ሁለት ሰዎች እንደሆኑ፣ በሳምንት ከአንድ በላይ እንደማይወጣ። የሚስቀው ሰው ቀነሰ። ሐጂ ግን ሰምተው አንድ ጠዋት ቤት ድረስ መጡ፤ አንድ ኩንታል የሚያህል ሙዝ አስይዘው። እህቴ ፊት ተቀምጠው ሙዝ እየላጡ አቀበሏት። ሲወጡ በር ላይ «ያን ቦንዳ ብርድ ልብስ ቢያደርገው ኖሮ» አሉኝ። እኔ እንኳን ያን አልመኝም። እነዚያ ሁለት ዓመታት ባይኖሩን ምን ይኖረናል?

ጠብታውን ጠዋትና ማታ እኔ ነኝ የማደርግላት። ቀና ትልልኛለች፤ በጣቴ ሽፋሽፍቷን ከፍ አደርጋለሁ፤ «አንድ» ትላለች፣ «ሁለት» ትላለች። ከዚያ በር ላይ እንቀመጣለን። እሷ በጣውላው ፊት፣ እኔ በግራዋ። ሰፌዱ እኔ ጭን ላይ ነው። ቁራጮቹን እያነሣሁ ወደምታይበት ቦታ፣ ወደ መሃል፣ አንድ በአንድ አኖርላታለሁ። እሷ ታያለች፣ ትወስዳለች፣ ቦታውን ታገኛለች። የእሷን ያህል ፈጥኖ የሚያገኝ አሁንም የለም። ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰማያዊ ቁራጭ እንደ ወትሮው አኖርኩላት። እጇ አልተነሣም። የምታስብ መስሎኝ ጠበቅሁ። አንድ ጣት ያህል ወደ መሃል ገፋሁት። እጇ አልተነሣም። ሌላ አንድ ጣት ያህል ገፋሁት። ያን ጊዜ አገኘችው።

«ስንት ገፋኸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንዳታታልለኝ።»

«ሁለት ጣት።»

ቁራጩን በጣቶቿ አገላበጠችው። እኔ የሆነ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሳይጠሩት የሚመጣው ቀልድ አልመጣም። ሰፌዱን ይዤ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ፤ ሰው አለፈ። እህቴ ግራ እጇን ዘርግታ አየሩን ፈለገች፣ የወንበሩን ክንድ ነካች፣ ከዚያ ጉልበቴን አገኘች።

«ምን ዘጋህ?» አለች። «አውራ እንጂ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግኸውን። ዝም ስትል የት እንዳለህ አላውቅም።»

ጠዋት ገበያ ላይ ስላየሁት ጎመን ነገርኳት። አንዷን ቅጠል ሦስት ሰው ተሸክሟት እንደሄደ፣ ዝናብ ቢመጣ ቀበሌው በሙሉ ከሥሯ እንደሚጠለል፣ ባለቤቷ ለቅጠሏ ኪራይ ሊያስከፍል እንዳሰበ። እያወራሁ ሌላ ቁራጭ ከሰፌዱ መረጥኩ። 

«ውሸትህን ነው» አለች እህቴ፤ በጣቷ የቁራጩን ጫፍ እየዳበሰች። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ።